ከፋይሉ አናት የተነሳው ስም

የሰረዝኩት አሥራ ጥቂት መስመር ነው። ኮድ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ዘሎት የሚያልፈው፣ በኮከብ ምልክት የታጠረ ማስታወሻ ነበር። ከላይ ዓመተ ምሕረትና የአንድ ሰው ስም አለ። ከሥሩ፣ ማንም ሰው ይህን ሥራ ለፈለገው ዓላማ፣ በክፍያም ሆነ ያለ ክፍያ፣ ሊጠቀምበት፣ ሊያባዛው፣ ሊለውጠውና ሊያሰራጨው እንደሚችል ይናገራል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ይህ ማስታወሻና ስሙ ከእያንዳንዱ ቅጂ ላይ እንዳይነሱ። ቀሪው «ቢበላሽ አትጠይቁኝ» የሚል የተለመደ ማስጠንቀቂያ ነው። አይኤስሲ የሚባለው ላይሰንስ በቃ ይኸው ነው። እኔ እሱን አንስቼ በቦታው የመሥሪያ ቤቴን ስምና ጂፒኤል የተባለ የሌላ ላይሰንስ ሁለተኛ እትም ማስታወሻ ለጠፍኩበት።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2006 ነው። አውሮፓ ውስጥ ራውተር በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ተቀጥሬ ነበር። የራውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ሲሆን፣ ውስጡ ያለችውን የገመድ አልባ ቺፕ ያመረተው ኩባንያ ግን ስለ አሠራሯ አንድ ገጽ እንኳ አይሰጥም። ከቢኤስዲ ቤተሰብ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በአንዱ ላይ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው፣ የትኛው ሬጂስተር ላይ ምን ቁጥር ሲጻፍ ቺፗ ምን እንደምትመልስ አንድ በአንድ እየሞከረና እየመዘገበ ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙ ቺፗን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ጽፎላት አገኘሁ። እንዲህ ያለ ሥራ የወራት ድካም ነው፤ ማን እንደከፈለው ባላውቅም እኛ አለመክፈላችንን አውቃለሁ። ፋይሉን አወረድኩ። የፈንክሽኖቹን ስም ወደ ሊኑክስ ልማድ ቀየርኩ፤ ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት፣ ጋር የሚያገናኙትን ክፍሎች እንደገና ጻፍኩ። የሬጂስተሮቹን ሰንጠረዥ፣ ማለትም የዚያን ሰው የድካም ፍሬ፣ እንዳለ ተውኩት። በመጨረሻ የፋይሉን አናት አነሳሁ። ለለውጡ በጻፍኩት መግለጫ ላይ ምክንያቱን «ጽዳት» ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ ዛሬም ከመዝገቡ ውስጥ አለ።

አላወቅሁም ብል ግማሽ እውነት ይሆናል። እንዴት እንዳላወቅሁ ግን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ጥፋቴ የተወለደው ከቸልተኝነት ሳይሆን ከጥንቃቄ ነው። በ2004 የሙኒክ ፍርድ ቤት የጂፒኤልን ግዴታ ያልተወጣ አንድ የራውተር ሻጭ ሶፍትዌሩን እንዳያሰራጭ አግዶ ነበር። በእኛ ሙያ ውስጥ ወሬው እንደ እሳት ተዛመተ። አለቃዬም ጠበቃ ጠራ። ጠበቃው ጂፒኤል የሚል ፋይል ሁሉ እንዲቆጠር፣ ሶርስ ኮዱም ለደንበኛ ዝግጁ ሆኖ እንዲቀመጥ አዘዘ፤ አደረግነው። ቢኤስዲ ወይም አይኤስሲ የሚል ሲያገኝ ደግሞ «ይሄ ችግር የለውም» እያለ ያልፋል። ችግር የለውም ማለቱ፣ ሶርሱን አውጡ ብሎ የሚያስገድድ ነገር የለበትም ለማለት ነበር። እኔ የሰማሁት ግን «ባለቤት የለውም» የሚል ነው። ጠያቂ ያለውን ላይሰንስ እየፈራን፣ ብዙ የማይጠይቀውን ናቅነው። እጅግ ትንሹን የሚለምነውን፣ ስሜን አታንሱ ብቻ የሚለውን፣ የጣስኩት በዚህ መንገድ ነው። የሙኒኩ ዓይነት ክስ ከቢኤስዲ ወገን መጥቶ ቢሆን ኖሮ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ላይ ነገሩን የሚያጸድቅልኝ ቲዎሪ ነበረኝ። ጂፒኤል እንዲህ ይሠራል። ኮዱን ወስዶ የሚያሰራጭ ሰው ሶርሱን መስጠት፣ ከሌላ ኮድ ጋር አዋሕዶ የሠራውንም ድምር ሥራ በዚያው በጂፒኤል ማሰራጨት አለበት። የሁለተኛው እትም ስድስተኛ አንቀጽ ደግሞ በተቀባዩ ላይ ሌላ ተጨማሪ ገደብ መጫንን ይከለክላል። የትኛው ላይሰንስ ከየትኛው ጋር ይስማማል የሚለው ክርክር በአብዛኛው የሚፈተነው በዚህች አንቀጽ ላይ ነው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ቢኤስዲ ላይሰንስ፣ ሶፍትዌሩን በሚጠቅስ ማስታወቂያ ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ስም ይነሳ ይል ስለነበር ፈተናውን አላለፈም። ሌሎች ደግሞ ውሉን እየገለበጡ የዩኒቨርሲቲውን ስም በራሳቸው ስም ተኩ። የጂፒኤል ደራሲ ሪቻርድ ስቶልማን ከቢኤስዲ ሲስተሞች አንዱ በሆነው በኔትቢኤስዲ፣ በ1997 በወጣ ቅጂው ውስጥ እንዲህ ያሉ 75 የምስጋና ዓረፍተ ነገሮችን ቆጥሯል፤ አንድ ሙሉ ጋዜጣ ገዝተው ማስታወቂያ ካላወጡ የት ይገባሉ? በርክሌይ አንቀጹን በ1999 ሰረዘው። የቀሩት ሁለት ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች፣ እንዲሁም አይኤስሲ፣ ጂፒኤልን የሚያከብር ሰው ሳይቸገር ሊያሟላቸው የሚችል ስለሆኑ ኮዱ ወደ ጂፒኤል ሥራ ውስጥ ይገባል። የጂፒኤል ኮድ ግን ቢኤስዲ እንደሆነ በሚቀር ሥራ ውስጥ አይገባም። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው።

እስከዚህ ያወቅሁት ልክ ነበር። የተሳሳትኩት «ይገባል» የሚለውን «ይለወጣል» ብዬ ስረዳው ነው። አባቶቻችን ግልገል አባይ ጣናን ሲያቋርጥ ከሐይቁ ውሃ ጋር አይቀላቀልም ይላሉ። ስለ ጣና እውነቱ ምንም ይሁን፣ ቢኤስዲ ኮድ በጂፒኤል ውስጥ የሚሆነው እንዲያ ነው፤ ድምሩ በጂፒኤል ቢሰራጭም ያ ኮድ የባለቤቱን ስምና የባለቤቱን ቃል ይዞ ያልፋል። የሌላ ሰው የቅጂ መብት ያረፈበትን ሥራ በአዲስ ላይሰንስ የማውጣት ሥልጣን ያለው ያ ሰው ብቻ ነው። እኔ የራሴን ጭማሪ በጂፒኤል ማውጣት እችል ነበር። የእሱን አልችልም ነበር። ስሙን ማንሳት ደግሞ ከሁለቱ ላይሰንሶች በአንዱም አይፈቀድም።

በዓመቱ፣ በ2007፣ ይህንኑ ጉዳይ የሚመለከቱ ሁለት ጠቦች በአደባባይ ተነሱ። አንዱ የእኔ ድርጊት ተቃራኒ ነበር። አንድ የኦፕንቢኤስዲ ሰው ለአንዲት የብሮድኮም ቺፕ ድራይቨር ሲጽፍ፣ ከሊኑክሱ ድራይቨር የመጣ የጂፒኤል ኮድ ገና ሳይተካ በጋራው ማከማቻ ውስጥ ተገኘ። የሊኑክሱ ድራይቨር ጸሐፊዎች በአደባባይ ጠየቁት። ሰውየው ሥራውን በሙሉ ሰርዞ ተወው። የኦፕንቢኤስዲ መሪ ቴኦ ደ ራት፣ በግል ሊባል የሚገባውን አደባባይ አወጣችሁት ብሎ ተቆጣ። ያኔ ሳቅሁ። «ስለ ነፃነት ሲሰብኩን የኖሩት ተያዙ» ብዬ ለባልደረቦቼ ማውራቴን አልረሳውም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛው መጣ፤ የዚህኛው አቅጣጫ የእኔው ነበር። አቴሮስ የተባለው ኩባንያ ለሚሠራቸው የገመድ አልባ ቺፖች ድራይቨር ወደ ሊኑክስ ለማምጣት የሚሠሩ ሰዎች፣ ከኦፕንቢኤስዲ የመጡ ፋይሎች አናት ላይ ያለውን የአይኤስሲ ማስታወሻ በጂፒኤል የሚተካ ፓች፣ ማለትም የኮድ ለውጥ፣ አቀረቡ። አንዳንዶቹ ፋይሎች ባለቤታቸው አስቀድሞ ሁለቱንም ላይሰንስ የፈቀደላቸው ነበሩ። የአይኤስሲዎቹ ግን ምርጫ የላቸውም። ደ ራት ይህን ማድረግ አትችሉም ብሎ ተነሳ፤ ትክክል ነበር። የሶፍትዌር ፍሪደም ሎው ሴንተር ጠበቆች ገብተው መረመሩና፣ በጂፒኤል ፕሮጀክት ውስጥ ያሉ የቢኤስዲና የአይኤስሲ ፋይሎች እንዴት እንደሚያዙ የሚያስረዳ መመሪያ በዚያው ዓመት መስከረም አወጡ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ የነበረውን ማስታወሻ አትንካ፣ የራስህን ከሥሩ ጨምር። ሌሊት ተቀምጬ አነበብኩት። የእኔ ፋይል ምን እንደሆነ ለማወቅ ጠበቃ አያስፈልገኝም ነበር።

እንግዲህ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ያለውን «አላወቅሁም» ልለው አልችልም። ራውተሩ እየተሸጠ ነበር። ጉዳዩን ባነሳው ጠበቃው ይጠራል፤ አለቃዬ «ሌላስ ምን አለ?» ይላል፤ ከእኔ እጅ የወጣው ሁሉ ይፈተሻል። ማስታወሻውን ወደ ቦታው ለመመለስ የሚያስፈልገው የአንድ ማለዳ ሥራ ነበር፤ ከእሱ ለማምለጥ ዓመታት ፈጀሁ።

ከዚህ የሚብስም አለ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የላይሰንስ አዋቂ ሆንኩ። አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ወጣት ፕሮግራመሮች ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ የምመርጠው ርዕስ ዜድኤፍኤስ ነበር። ታሪኩ ያምራል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2005 የሶላሪስን ኮድ ሲከፍት ሲዲዲኤል በተባለ ላይሰንስ ከፈተው፤ ዜድኤፍኤስ የተባለው ድንቅ የፋይል ሲስተምም በዚያው ወጣ። ሲዲዲኤል፣ የእኔ ፋይሎች በእኔ ውል እንደሆኑ ይቀራሉ ይላል። ጂፒኤል፣ ድምሩ በሙሉ በእኔ ውል ይሁን ይላል። ሁለቱም ነፃ ሶፍትዌር ናቸው፣ ሁለቱም ሶርሱ እንዲወጣ ይፈልጋሉ፣ ግን በአንድ ቤት አያድሩም። ፍሪቢኤስዲ፣ ምንም የሚያጋጨው አንቀጽ ስለሌለው፣ በ2007 ዜድኤፍኤስን ወስዶ አስገባ። የሊኑክስ ሰዎች በአጥር ቀዳዳ ሲያዩ ቀሩ። በ2016 ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ ኡቡንቱ የተባለው የራሱ የሊኑክስ ስርጭት 16.04 እትም አካል አድርጎ ሲያሰራጨው፣ የሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት «ይህ የጂፒኤል ጥሰት ነው» አለ፤ ከላይ የጠቀስኩት የጠበቆች ማዕከል ደግሞ ነገሩ መውጫ አለው የሚል ትንታኔ አቀረበ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2020 መጀመሪያ፣ ሰንን የገዛው ኦራክል በዋና ጠበቃው ወይም በመሥራቹ በላሪ ኤሊሰን የተፈረመ ደብዳቤ ካልሰጠ በቀር ዜድኤፍኤስን ከርነሉ ውስጥ እንደማያስገባ ተናገረ። ይህን ሁሉ በስላይድ እያሳየሁ አስረዳለሁ። ታዳሚው ይጠይቃል፤ እኔ እፈርዳለሁ።

ለማሳቅ የምጨምራት ታሪክም ነበረችኝ። የሊኑክስ ከርነል የሚጫንበት ሞጁል ላይሰንሱን በአንዲት መስመር እንዲናገር ይጠይቃል፤ ጂፒኤል ካላለ አንዳንድ በሮች አይከፈቱለትም፣ ከርነሉም «ተበክያለሁ» ብሎ ይመዘግባል። በ2004 አንድ የሞደም ድራይቨር አምራች ለዚህ ዘዴ ፈጠረ። «ጂፒኤል» ብሎ ጀምሮ ከቃሉ ቀጥሎ ዜሮ ባይት ከተተና፣ ከዚያ በኋላ ጂፒኤል የሚመለከተው የተወሰኑ ፋይሎችን ብቻ ነው የሚል ጻፈ። ከርነሉ ጽሑፍ የሚያነበው ዜሮ እስኪያገኝ ነውና ጂፒኤል የሚለውን ብቻ አይቶ በሩን ከፈተ። አዳራሹ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በእነሱ ማታለያ ግን ቢያንስ ከዜሮው አልፎ የሚያነብ ሰው እውነቱን ያገኘዋል። እኔ የለጠፍኩትን የሚያነብ ሰው ምንም አያገኝም።

ያወጣችኝ ወጣት ናት። በ2017 መገባደጃ የሊኑክስ 4.14 እትም፣ በሺህ በሚቆጠሩ ፋይሎች አናት ላይ ላይሰንሱን በአንድ አጭር መስመር የሚናገር መለያ ይዞ ከወጣ በኋላ፣ ብዙ ድርጅቶች የራሳቸውን ኮድ በዚያው መንገድ መለየት ጀመሩ። እኛም ዘግይተን ጀመርን። ሥራው ለአንዲት አዲስ አበባ ሆና በርቀት ለምትሠራ ባልደረባችን ተሰጠ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን በስክሪፕት ጨርሶት ይሄድ ነበር። እሷ ግን ፋይሎቹን ታነባለች።

አንድ ቀን በመልእክት መጣች፦ «ጋሼ፣ ይሄን ድራይቨር ከባዶ ነው የጻፍከው?»

«አዎ፣ ድሮ ነው» አልኳት። ሁለተኛው ውሸቴ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይልቅ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፤ ልጅቷ ጋሼ ብላ ነበር የጠየቀችኝ።

አልተከራከረችኝም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን አድርጋ ላከችልኝ። ሰንጠረዡ አንድ ነው፤ እሱ ብዙ አያስረዳም፣ ሁለት ሰዎች አንዲት ቺፕ ቢመረምሩ ቁጥሩ ሊመሳሰል ይችላል። ከሥሩ ግን «ጋሼ ይቅርታ፣ የፊደል ስህተቱም አንድ ነው» የሚል ጽፋበታለች። ባለቤቱ በአንድ ማብራሪያ ላይ «ኢንተራፕት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንድ «አር» ጎድሎት ጽፎታል። እኔም አብሬ ገልብጬዋለሁ። የሰውየውን ስም ሳነሳ የተውኩለት ምልክት ያ የጎደለ ፊደል ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ወደ ዋናው ድራይቨር ሄድኩ፤ ከ2006 ወዲህ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ሰውየው እየሠራበት ቆይቷል። አንድ ቦታ ላይ፣ ቺፗ ከኃይል ቁጠባ ስትነቃ አንዳንዴ ትቆልፋለች፣ ምክንያቱን አላገኘሁትም የሚል ማስታወሻ አለ። ከዓመታት በፊት የተጻፈ ነው፤ አሁንም አልተነሳም። ያንን ችግር እኛ ፈትተነው ነበር። ቺፗ እንደነቃች ጥቂት ማይክሮሰከንድ መጠበቅና አንዱን ሬጂስተር ደግሞ መጻፍ ነው፤ አራት አምስት መስመር አይሞላም። ምርቱ በወጣ በመጀመሪያው ክረምት የደንበኛ ቅሬታ ሲበዛ ያገኘሁት እኔው ነኝ። መፍትሔው በወጣው ሶርሳችን ውስጥ፣ በጂፒኤል ሥር፣ በይፋ ተቀምጧል። እሱ ግን ሊጠቀምበት አይችልም። የጂፒኤል ኮድ ወደ እሱ ቤት አይገባም፤ ከ2007ቱ ጠብ በኋላ ደግሞ የቢኤስዲ ሰዎች እንዲህ ያለውን ኮድ ገልጦ ማየትም ይሸሻሉ። ስሙም ከላዩ ስለተነሳ ያ ፋይል የእሱ ልጅ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ነገሩ ከሕግ ይወጣል። ስሙን ባላነሳ ኖሮም ማስተካከያዬን በጂፒኤል ብቻ ማውጣት መብቴ ነበር፤ ማንም አይከሰኝም። ደ ራት በ2007 አምርሮ የተናገረው አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ሰጠናችሁ፣ የጨመራችሁበትን ግን እንዳንወስድ አድርጋችሁ ቆለፋችሁት የሚል። ያኔ የተሸናፊ ለቅሶ መስሎኝ ነበር፤ ቢኤስዲን የመረጠ ሰው ለሌሎች መቆለፍም ፈቅዷል ብዬ። ክርክሩ ዛሬም አይፈርስም። ግን ከርነሉ ራሱ «ሁለቱንም፣ ቢኤስዲም ጂፒኤልም» የሚል የላይሰንስ መስመር ይቀበላል። ከሌላ ሰው የወሰድኩትን ፋይል ሳሻሽል የእኔን አምስት መስመር በእሱ ውል ብሰጥ መሥሪያ ቤቴ አንድ ሳንቲም አያጣም ነበር። ተኳኋኝነት ሲባል ኮዱ ወደ እኔ መምጣት ይችላል ወይ የሚለውን ብቻ ነበር የምጠይቀው። ወደ እሱ መመለስ ይችላል ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ለአለቃዬ ነገርኩ። የፈራሁትን ያህል አልሆነም፤ ጠበቃው ተጠራ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ማስታወሻው ወደ ቦታው ተመለሰ። ማስተካከያውን በአይኤስሲ ለመስጠት ግን የቅጂ መብቱ የእኔ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ፊርማ አስፈለገ፤ ፊርማውም ተጎተተ። ከዚያ ለባለቤቱ ጻፍኩለት። ምን እንዳደረግሁ፣ መቼ እንዳወቅሁ፣ ካወቅሁ በኋላም ዝም ማለቴን። ማስተካከያውን አያያዝኩለት።

መልሱ አጭር ነበር። ስለ ይቅርታዬ አንድም ቃል የለበትም። የማይክሮሰከንዱን ቁጥር ለክቼ ነው ወይስ በግምት ያስቀመጥኩት ብሎ ጠየቀኝ። በግምት ነበር። እንደዚያው ነገርኩት። በራሱ መሣሪያ ለክቶ ቁጥሩን ዝቅ አደረገውና አስገባው፤ ያችን አላገኘሁትም የምትል ማስታወሻም አነሳት።

ያልተስተካከለው ብዙ ነው። የተሸጡት ራውተሮች ውስጥ ያለው ሶፍትዌር የእኔን የውሸት አናት እንደያዘ ነው፤ አብዛኞቹ ዳግም አይዘምኑም። ከእኛ ሶርስ ወስደው የራሳቸውን ፈርምዌር የሠሩ ሰዎች ደግሞ የለጠፍኩትን አምነው አሰራጭተውታል፤ በእነሱ ላይ የምፈርድበት ምክንያት የለኝም፣ ፋይሉ የነገራቸውን ነው ያመኑት። ልጅቷ ፈልጋ ላገኘቻቸው ሁሉ ጽፌላቸዋለሁ። ጥቂቶቹ አስተካከሉ። አንዱ፣ አናቱ ላይ የመሥሪያ ቤትህ ስም ተጽፎ ሳለ አንተ የእኛ አይደለም ስትል በምን ላምንህ ብሎ ማስረጃ ጠየቀኝ። ሁለቱን ፋይሎች ልኬለት፣ የጎደለችውን ፊደል አሳየሁት። ሌሎቹ ገና አልመለሱም።